ቁልፍ የለውም ያልከው በር

ኅዳር 7 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለሩቁ ባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ጉንፋንህን ቀድሞ ይድረስህ። ድምፅህ ተዘግቷል ሲሉኝ ግማሽ ልቤ አዘነ፤ ግማሹ ደግሞ ጥቂት ቀን ዝም ማለት ለሰባኪም ደግ ነው አለ። ማር በሞቀ ውሃ ጠጣበት። ማር ከሌለ የምታድርበትን ቤት ሰዎች ጠይቃቸው። እንደማታፍር አውቃለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንድ ጊዜ እንደ ሚስት፣ አንድ ጊዜ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አነበብኩት። እንደ ሚስት ተናደድኩ። እንደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደግሞ የት መደርደሪያ ላይ እንደማኖረው ቸገረኝ። ስብከት እንዳልለው፣ «አስወጪያቸው» ብሎ የሚጀምር ስብከት ከአንተ ሰምቼ አላውቅም።

«ፖስታ ቤት» የምንላት ጎረቤታችን ከእኔ ቀድማ እንደጻፈችልህ ገብቶኛል። ሥራዋ ነውና አልቀየምኳትም። ግን «ባሏ በሌለበት ጎረምሳ አስገባች» ያለችህን ላርመው። ጎረምሳው ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። ልብስ ሰፊ ነው። የመጣውም ብቻውን አይደለም፤ ዓይናቸው የደከመ፣ እግራቸው ያበጠ አሮጊት እናቱን አዝሎ ነው። የልብስ ስፌት ማሽኑን በጋሪ አስገፍቶ፣ እናቱን በጀርባው ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ መንገዳችን ላይ ቆሞ አየሁት። ከሥራ ገብቼ መስኮት እየከፈትኩ ነበር። በራችንን ከላይ እስከ ታች አየውና ዞሮ መሄድ ጀመረ።

ምን ጠፋህ ብዬ ጮኼ ጠየቅኩት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ቤት ተሳስተናል» አለኝ። «እኛ የምንፈልገው በሩ ቁልፍ የለውም ብለውናል።»

የነገረው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አወቅኩ። አንተ ነህ። የትም ከተማ ስትሰብክ መጨረሻ ላይ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የምትላት ነገር አለች፤ «ቤቴ ከድሮው ማተሚያ ቤት ጀርባ ነው፣ አረንጓዴው በር፣ ቁልፍ የለውም፣ መንገድ የጣላችሁ ሁሉ ኑ።» እኔ እንኳ ስሰማት ዓይኔ እንባ ያቀራል፤ በሩ ሁለት መቀርቀሪያና አንድ ሰንሰለት እንዳለው፣ ሁሉንም በእጅህ የገጠምከው አንተ እንደሆንክ እያወቅኩ። ሰዎች አልቅሰው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ ሰው ግን የሚሄድበት ቤት አልነበረውም። የኖረበት ሰፈር አንድ ቀን ተነሥቶ «እናንተ የእኛ አይደላችሁም» ብሎ ባስወጣው ጊዜ፣ በእጁ የቀረ አድራሻ ያንተ ብቻ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይህንን ነው።

በሩን ከፈትኩ። «አናስቸግርዎትም፣ እናልፋለን» አለኝ። ወዴት እንደሚያልፍ ስጠይቀው መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ትዝ አሉኝ። አብሯቸው የመጣው እንግዳ አልፎ የሚሄድ መስሎ ነበር፤ ግድ ብለው ነው ያስገቡት። እንግዳ ሁልጊዜ የሚያልፍ ይመስላል። ግድ ማለት የባለቤቱ ፋንታ ነው። እኔም ግድ አልኩ።

የጥናት ክፍልህን ሰጠኋቸው። ሌላ ክፍል የለንም። አሮጊቷ ጠረጴዛህ አጠገብ ይተኛሉ፤ ማሽኑ መስኮቱ ሥር ነው። መጻሕፍትህ ደህና ናቸው፤ የጨርቅ ብናኝ አርፎባቸዋል እንጂ ማንም አልከፈታቸውም። በዚህ ረገድ ብዙ አልተለወጡም።

አሁን ወደ ክርክርህ ልምጣ። አብርሃም ድንኳን ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ነበር የሚኖረው፤ የከተማ ኑሮ ሌላ ነው ብለሃል። አብርሃም በቀትር ሙቀት፣ በዚያ ዕድሜው፣ ወደማያውቃቸው ሰዎች ሮጠ። መታወቂያ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ የይስሐቅን ነገር ማን ይነግረው ነበር? ከተማ ካልክ ደግሞ ሎጥ የከተማ ሰው ነበር። በርም ነበረው፤ ያውም ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያንኳኳው። እንግዶቹን ከውስጥ አድርጎ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ፣ ራሱ ውጭ ቆመ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልከላከልለትም። የጊብዓንም ነገር ራስህ ነህ ያስተማርከኝ፤ መንገደኛው አደባባይ ላይ ሲቀር ያስገባው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፣ እሱም ራሱ ከሌላ አገር የመጣ። ያገሬው ሰው በየቤቱ ነበር። ምናልባት ስለ ስማቸው እየተጨነቁ።

ስለ ስምህ ካነሣን፤ ሽማግሌዎቹ የፊታችን ቅዳሜ ቤታችንን ሊያዩ እንደሚመጡ፣ ጉባኤው ኃላፊ አድርጎ ሊሾምህ እንዳሰበ፣ ባዕድ ወንድ ቤት ውስጥ ቢያገኙ ነገሩ እንደሚበላሽ ጽፈሃል። ለዚያ ሹመት የተጻፈውን መስፈርት አውጥቼ አየሁት። የአንዲት ሚስት ባል ይላል፤ እሱን አሟልተሃል፣ ምስክር ነኝ። ትንሽ ወረድ ሲል እንግዳ ተቀባይ ይላል። ስለ ሰንሰለት የሚል ፈልጌ አጣሁ።

ወንድምህን እኔ ላይ መላክህ ግን አስከፍቶኛል። ጋሼ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ዕቃቸውን ጭኖ ከከተማው ውጭ ያለው መጠለያ እንደሚያደርሳቸው፣ ቤቱ የአባታችሁ ስለሆነ እሱም ድርሻ እንዳለው፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለአንተ ክብር ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። እንግዳ በመጣበት ቀን ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው አለኝ። ዕድሜ ልኩን ብረት ሸጦ ልጆች ያሳደገ ሰው ብረትን እንዲህ ሲያማ መስማት እንግዳ ነገር ነው አልኩት። አልሳቀም።

ልብስ ሰፊው አልተከራከረም። ያ ነው ያቃጠለኝ። መፍቻውን አውጥቶ ማሽኑን ከእግሩ መፍታት ጀመረ፤ እጁ እንዴት እንደሚፈጥን ብታይ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በአንድ ጊዜ አይለመድም። እናቱም ነጠላቸውን አገልድመው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አጥልቀው ጨርሰዋል።

ሄጄ የማሽኑን ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ። ወንድምህ የማግዘው መስሎት «ጎሽ የወንድሜ ሚስት» አለኝ። እየተሸከምን ደጃፉ ላይ ስንደርስ፣ የት ድረስ ልሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እነሱ እስከሚደርሱበት ነው ጋሼ። መኪናው ላይ ለእኔም ቦታ ያብጁልኝ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደግሞ እርስዎ እዚህ በር ላይ ይቁሙና የሰባኪው ሚስት የት እንደገባች ያስረዷቸው።»

«ትቀልጃለሽ?»

«ስቀልድ ያውቁኛል። አሁን ማሽኑ ከብዶኛል፤ ወይ ይጫን፣ ወይ ይመለስ።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ፣ እኔ የማሽኑን ጫፍ እንደያዝኩ፣ ወንድምህ መኪናውን እያየ፣ ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ቀረን። ፖስታ ቤት አጥሯ ላይ ሆና ማስጣቱን የረሳችውን አንሶላ ይዛ ቆማለች። ያን ጊዜ አሮጊቷ ግድግዳውን እየዳበሱ ከክፍሉ ወጡ። ዓይናቸው ጥላ እንጂ ፊት አይለይም። በር ላይ የማያውቁት የወንድ ድምፅ ሰምተዋል።

«ማነው እሱ?» አሉኝ። «እንግዳ ነው? ምነው ልጄ፣ እንግዳ በር ላይ ታቆሚያለሽ? ግባ በይው እንጂ። ግባ የኔ ልጅ፣ ቤት ለእንግዳ ነው።»

በተወለደበት ቤት ግባ ተባለ። ያን ትልቅ ሰውነቱን ይዞ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ገባ። አሮጊቷ ወንበር በእጃቸው ፈልገው አስቀመጡት፤ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ከሩቅ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁት። ከሁለት መንገድ ማዶ ነው የመጣሁት ለማለት አፈረና ደህና ነበር አላቸው። ሻይ ጠጣ። ማሽኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ መኪናው ባዶውን ሄደ። ሲወጣ ግን በጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ የመጨረሻው ቃል ያንተ መሆኑን፣ ዳግመኛ አስወጣቸው ካልከው ቅዳሜ ከሽማግሌዎቹ በፊት እንደሚመለስ ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አንተን ስለሚወድ ነው፤ ችግሩ የምትወደድ ሰው መሆንህ ነው።

እንግዲህ ቃሌን ከእኔው ስማ። ቅዳሜ መኪናው ቢመጣ፣ ለወንድምህ ያልኩት ቀልድ አይደለም። ካልመጣ፣ ሽማግሌዎቹን ራሴ አስገባለሁ፤ ልብስ ሰፊውንና እናቱን አስተዋውቃለሁ፤ ማን እንደጠራቸው ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ባለቤቴ ነው እላለሁ። ስምህ ከዚህ የበለጠ የሚያምርበት መንገድ አላውቅም። ይህን ካልፈለግክ አንድ ምርጫ ቀርቶሃል፤ በሚቀጥለው ስብከትህ አድራሻውን ተው። ከአብርሃም ጀምር፣ ከአብርሃም ጨርስ፣ ሰው አልቅሶ ወደ ቤቱ ይሂድ። እኔ ግን የሰማሁትን እንዳልሰማሁ አላደርግም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ምሳዬን ቆሜ ነበር የምበላው፤ ምድጃው አጠገብ፣ ከድስቱ። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ማዘጋጀት ያሳፍራል። አሁን ሦስት ሆነን ተቀምጠን እንበላለን። አሮጊቷ አራተኛ ሳህን እንዳስቀምጥ ያዙኛል፤ ባለቤቱ ዛሬ ይገባ እንደሆነ በየዕለቱ ይጠይቁኛል። መንገድ ላይ ነው እላቸዋለሁ። «መንገደኛ ነዋ» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ታዲያ ማን አስገባው?»

በደረስክበት ሁሉ በሩን ከፍቶ የሚቆይህ አትጣ። የሚያበላህን ቤት እግዜር ይባርከው፤ የሚያስተኛህን አልጋ ይባርከው። እግርህን ከእንቅፋት፣ ድምፅህን ከብርድ ይጠብቅልህ።

ስትመጣ የጥናት ክፍልህ ተይዟል። እዚያ ማደር እንደለመድክ አውቃለሁ፤ ስብከትህን እያዘጋጀህ ነው ብዬም ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። አሁን የምታድርበት እኔው ጋ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

ሚስትህ