ዶን ረናልዶ ዓሣ ተራ የገባ ዕለት

ቡዌናቬንቱራ፣ ኦገስት 9 ቀን 1994

ለሆዴ ልጅ ለዩርላዲስ፤ ካራካስ

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ የቀኝ እጄ አንጓ ብቻ ትንሽ አብጧል። «አባዬ እኔ ጋ ከመጣ ወዲህ አርጅቷል፣ ተጸጽቷል፤ ለገና ልላክልሽ፣ ተቀበዪው» ያልሽውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን ያዘገየሁት ባለፈው ቅዳሜ በሆነው ነገር ነው። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ዓሣ ተራ ያለነው ሴቶች ሁሉ የምናየው የቴሌቪዥን ድራማ አለ። ሉክሬሲያ የምትባል ሚስት አለች። ባሏ ዶን ረናልዶ ዘጠና ክፍል ሙሉ ሲደበድባት፣ እሷ ዘጠና ክፍል ሙሉ ይቅር ስትለው ከረመች። ዓርብ ዕለት ነፍሰ ጡሯን በእርግጫ ብሎ ከደረጃ ጣላት። ቅዳሜ ጠዋት እሱን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ዓሣ ሊገዛ ገበያችን ገባ። ለወደቡ በዓል ተጋብዞ ነው አሉ።

መጀመሪያ ያየችው ከጎኔ የምትሸጠው ዶኛ ቶማሳ ናት።

«አንተ ውሻ! ጽንሷንስ ምን አደረግከው?»

«እማማ፣ ድራማ እኮ ነው!» አለ እየሳቀ።

«ይስቃል ደግሞ! ያዙልኝ!»

አንድ ባልዲ የዓሣ አንጀት አናቱ ላይ ደፋችበት። ሴቱ ሁሉ እየሳቀ፣ እየተሳደበ፣ በዓሣ ጭራ ይጠፈጥፈው ጀመር።

እኔን ታውቂኛለሽ፤ ድምፄ ከሚዛኔ አያልፍም። ግን ትልልቁን ዓሣ የምመታበት ቆመጥ እጄ ላይ ነበር። መጀመሪያ ትከሻውን መታሁት። ሲወድቅ ጎድኑን። ቀና ሲል አፉን። ጥርሱ ዓሣው በተደረደረበት በረዶ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

«ኤርሲሊያ፣ በቃ! ልትገድዪው ነው!» ቶማሳ ወገቤን ይዛ ጎተተችኝ። «ደግሞ ኤቫሪስቶ ማነው? ሰውየው ረናልዶ ነው እኮ!»

ቶማሳ አባትሽን አታውቀውም። ለካ ከሁለተኛው ምት ጀምሮ ስሙን እየጠራሁ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። ተዋናዩ ባበጠ አፉ «ክስ የለኝም» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እመቤቴ፣ ያ ኤቫሪስቶ ምን አድርጎዎት ነው?» አለኝ። በሕይወቴ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለእሱ ያልመለስኩትን ለአንቺ ልመልስ።

ግራ ክንዴ የተሰበረው ከጀልባ ወድቄ አይደለም። ከአንቺ ቀጥሎ የያዝኩት ፅንስም በወባ አልወረደም። የዚያን ቀን አራት ዓመትሽ ነበር፤ አልጋ ሥር ደብቄሽ ነበር። እግሩን ብቻ አይተሽ ኖሮ፣ በኋላ ስትወጪ፣ «እማ፣ አባዬ እየጨፈረ ነበር?» አልሽኝ። «አዎ ልጄ» አልኩሽ።

አትላኪው። ፈርቼው እንዳይመስልሽ። የመጀመሪያው ምት ለሉክሬሲያ ነበር፤ የቀረው ግን ጣፈጠኝ። ቶማሳ ባትይዘኝ አላቆምም ነበር። አባትሽ በዚህ በር ከገባ፣ ቤት ውስጥ የሚይዘኝ ሰው የለም።

እግዚአብሔር አንቺንም ልጅሽንም ከክፉ እጅ ይሰውራችሁ። እሱን ደግሞ ከእኔ እጅ።

እናትሽ ኤርሲሊያ