ልጅ ሆና እንዴት ነበረች?

ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ለልጄ አባት፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ጤናህስ? ጋራዥ መግባትህን ወንድምህ ነግሮኛል። ደግ አደረግህ፣ ድሮም እጅህ ብረት ይወዳል። እኔ እዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነኝ፤ ማሽኖቹ ተቀየሩ፣ ወገቤ ግን ያው የድሮው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ስጽፍልህ እንዳትደነግጥ፣ የሞተ ሰው የለም። የልጃችን ጉዳይ ነው። እንደምትደውልላት አውቃለሁ፤ ይህን ግን ልትነግርህ አፍራለች።

የጥርስ ክሊኒኩ ሥራ አልሆነላትም። ሰው ይወዳታል፣ ግን ለሁለት ሰው አንድ ሰዓት ትቀጥራለች፤ ስልክ ላንሳ ብላ ተነስታ ሻይ አፍልታ ትመለሳለች። ባለፈው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸውን ተነቅለው ማረፊያው ክፍል ጋደም ብለው ሳሉ ቆልፋባቸው ምሳ ወጣች። ሰውዬው እንዳይጣሩ አፋቸው ደንዝዟል። እኔስ ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። አለቃዋ ግን አልሳቀም፤ "አንድ ጊዜ ከደገምሽ እዚህ አትውይም" ብሏታል።

ከዚያ ወዲህ የሆነ ነገር ስታነብ ሰነበተችና፣ "እማዬ፣ እኔ ሰነፍ አልመስልሽ። የትኩረት ማነስ የሚሉት ችግር ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ ማንም ሳያውቅልኝ ነው ያደግኩት" አለችኝ።

እህቴ አጠገባችን ነበረች። "የዚህ መድኃኒቱ ድሮ አለንጋ ነበር" አለች።

"አክስቴ፣ አንቺ ያን ሁሉ አለንጋ ቀምሰሽ ዛሬም መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ትፈልጊዋለሽ።"

"ዘር ከልጓም ይስባል። የአባትሽ ልጅ" ብላ እህቴ ሻይዋን ፉት አለች።

ተሳሳቅን። ልጅቷ ግን ሳቁ ሳያልቅ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷት በራሷ ላይ እምነት እያጣች ነው። እኔም ስመክር፣ ስቆጣ፣ ሳስታውሳት ደከመኝ። ጠዋት አፌን የምከፍተው "ቁልፍሽን ያዝሽ?" ብዬ ነው።

እናም ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ ከእሷ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። "እናት፣ ልጅ ሆና እንዴት ነበረች?" አለችኝ።

"ደህና ነበረች።"

"ደህና ሲሉ?"

ያኔ ጎህ ሳይቀድ ስወጣ ተኝታለች፣ ስገባ ተኝታለች። እኔ የማውቃት ተኝታ ነው፤ ተኝቶማ ማን ይቅበጠበጣል?

ሐኪሟ ይህ ነገር ካለባት ከልጅነቷ የጀመረ መሆን አለበት አለች። "ያኔ ከእሷ ጋር የሚውለው ማን ነበር?" ስትል ልጃችን ቀደመችኝ፤ "አባቴ" አለች።

እውነቷን ነው። እኔ የማውቀው ስገባ የማየውን ነው፤ ያረረ ድስት፣ ወለሉን የሞላ የተፈታታ ሬዲዮ፣ አንተ መሃሉ ቁጭ ብለህ፣ እሷ ጭንህ ላይ እንቅልፍ ወስዷት። ኋላም ፀጉር ቤት ረስተሃት ብቻህን የገባህ ቀን አለ። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ልብስህን አጣጥፌ ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ሐኪሟ ገና ነው አለች፤ ነው ለማለትም፣ አይደለም ለማለትም። ከሆነ ሕክምና አለው። "እንዲህ ያለ ሰው ሲረሳ ንቆ እንዳይመስልዎት፤ የሚሳሳለትንም ነገር ይረሳል" አለችኝ። አቀርቅሬ እጄን ሳይ ልጃችን፣ "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለች። ደክሞኝ ነው አልኳት።

የምለምንህ ይህንኑ ነው። ልጅነቷን የሚያውቅላት ካንተ ሌላ የለም። ምን እንደምትጀምር፣ ምን ላይ እንደምትተወው፣ ስትጠራት ትሰማህ እንደሆን፣ ያየኸውን ንገርላት። ለእኔ ብለህ አታሳምረው፣ ለእሷም ብለህ አታክፋው። በስልክም ይቻላል ተብሏል፤ ግን ብትመጣ ይሻላል። አለቃዋም የሐኪም ቃል ካመጣች እንደሚታገሳት ነግሯታል።

ቀጠሮው የፊታችን ረቡዕ ጠዋት ነው። አንተ ግን ማክሰኞ ና፤ ሳሎን አነጥፍልሃለሁ። አውቶብሱ ቢያመልጥህ የሚቀጥለውን ያዝ። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ። ብትዘገይም የት ነበርክ ብዬ አልጠይቅህም።

የልጅህ እናት