ማሩን ተይው፣ እማዬ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃውን ያስወጣሻል ወይ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? ሚጢጢስ፣ ያቺ የመጨረሻ ልጅሽ፣ ማታ ማታ እግርሽን ታሽልሻለች ወይስ አሁንም ስልኳ ላይ እንደተተከለች ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። መንገድ ላይ ያንቺ ዓይነት አረማመድ ያላት ሴት ካየሁ እከተላታለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንዷን ስከተል አውቶቡሴ አመለጠኝ።

እማዬ፣ ሚጢጢ ጉዱን ሁሉ ነገረችኝ። አትቆጪያት፣ አስጨንቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ለካ የስልክሽ ካሜራ አልተበላሸም! ለካ የፊት ጥርስሽ ወልቆ ነው አራት ወር ሙሉ ፊትሽን የደበቅሽብኝ። ለካ በቀን ሦስቴ ድድሽን ማር ስትቀቢ ከርመሻል፤ ያውም እኔ ባልኩሽ። ሚጢጢ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትልሽም፣ የገዛ ልጄ እዛ የድድ ሐኪም ሆና ሌላ ማንን ልጠይቅ ብለሻታል አሉ። ይህን ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሠራበት ላቦራቶሪ ጥርስ ከሚያስነቅሉ ሰዎች ድድ ትንሽ ይቆነጥሩና በጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ያሳድጉታል። ከእሬት የተጣራ፣ ከማር የተጣራ፣ አንዳንዴም ከራሱ ከሰውየው ደም የወጣ ነገር ጠብ ያደርጉበትና ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አስፈቅጄ በማጉያው አየሁት። ጉድ ነው እማዬ! ባዶ የነበረውን ቦታ የድዱ ሕዋሶች ተጠጋግተው ሞልተውታል። በደስታ ሰክሬ ደወልኩልሽና ማር ድድ ያበቅላል አልኩሽ። ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ጠብታዋ እኮ ተጣርታ፣ ከጀርም ጸድታ፣ በጣም ቀጥና ነው። ትንሽ ከበዛች ሕዋሱ ይሞታል፤ የሞተበትን ስንቴ ደፍቻለሁ። ሳህን ላይ የበቀለ ሰው አፍ ውስጥም ይበቅላል ያለ ደግሞ የለም፤ ሥራውን የምትመራው ተመራማሪ ራሷ ገና ነው ትላለች። የጓዳው ማር ግን ጥርስሽ ሥር እያደረ በላው።

ሌላም አለ። በስልክ ብነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ መልሼ እዋሻለሁ ብዬ ነው የምጽፈው። እማዬ፣ ሐኪም አይደለሁም። ሳህን አጣቢ ነኝ። ያ በላክሁልሽ ፎቶ ላይ የለበስኩት ነጭ ጋዋን ለአጣቢም ይሰጣል። አንቺ ፎቶውን አይተሽ እልል ስትዪ ማፍረሱ አቃተኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት ሞላኝ። ሥራዬ ክፉ አይደለም፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው። ብቻ እኔን አምነሽ ጥርስሽን ልታጪ ነው። የቀሩትም መነቃነቅ ጀምረዋል አለችኝ ሚጢጢ፤ የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም ቶሎ ካየልሽ ሊተርፉ ይችላሉ ብሏል፣ ቀጠሮም ይዛልሻለች። ስትስቂ ትከሻሽ ቀድሞሽ የሚስቀው ነገር ናፍቆኛል፤ ሳቅሽን የነጠቅሁሽ እኔ ሆኜ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

አባዬን ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ሻርፑን እንዳይረሳ። ሚጢጢን ጎበዝ ብላሻለች በያት። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ማር አዘሽላታል አሉ፤ በፈጣሪ፣ እሷንም አስተዪያት! ዶክተሯ ልጄ እያልሽ ላወራሽላቸው ሁሉ ደግሞ እውነቱን ንገሪልኝ። እፈሪብኝ እማዬ፤ ብቻ ሐኪሙ ጋ ሂጂ።

የምትናፍቅሽ ትልቋ ልጅሽ

ከላቦራቶሪው ማጠቢያ ክፍል፣ ሰኞ፣ ወር በገባ በአራተኛው ቀን