እናንተም ጋ ጠፍቷል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ።

ማዘጋጃ ቤት የከተማ ፕላን እሠራ በነበረ ጊዜ፣ «መሬት አናባክን፤ ሰው ፎቅ ላይ ተደራርቦ ይኑር፤ ሲቀራረብ ይጠያየቃል» ብዬ የተሟገትኩት እኔው ነኝ። ይኸው ጡረታ ወጥቼ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን አለሁ። ከጎረቤቴ የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነው። ስታስል እሰማታለሁ፤ ስሟን ግን አላውቅም። የድሮው ሰፈር ሳለን በአጥር ሽንቁር እሳት እንቀባበል ነበር። እዚህ ሰው በር የሚያንኳኳው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ ቆጣሪዬን በገዛ እጄ አጠፋሁና ሄጄ አንኳኳሁ።

«እናንተም ጋ ጠፍቷል?» አልኳት።

«ኧረ እኛ ጋስ አለ፣ አባባ። ቆጣሪዎ ወድቆ እንዳይሆን፣ ይዩት እስኪ።»

በሩ ተዘጋ። እሳት ሊጭር የመጣ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ይቆያል።

ተመልሼ ገባሁ። ቆጣሪውን ግን እስካሁን አላነሳሁትም። «መጣልዎት?» ብላ ብታንኳኳስ? ይህን የምጽፈው በስልኬ ብርሃን ነው።