ልጄ «ድኛለሁ» ያለችበት ማስታወቂያ

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማስታወቂያ ነክ አቤቱታዎች ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ቆቦ

አመልካች፦ ወ/ሮ ጀዊሪያ ሰይድ

ጉዳዩ፦ የሞተች ልጄ ከበሽታዋ መዳኗን የምትናገርበት ማስታወቂያ እንዲነሣ፣ እንዲሁም «ተናጋሪዋ በአካል ትቅረብ» የተባልኩት እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ሚያዝያ 23 ቀን ላቀረብኩት የመጀመሪያ ማመልከቻ ክፍልዎ በአራተኛው ቀን በጽሑፍ መልስ ስለሰጠኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። መልሱ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ንጹሕ ወረቀት ነው። የሚለውም፣ በምስሉ ላይ የሚታየው ሰው ራሱ በአካል ቀርቦ ካላመለከተ ክፍሉ ጉዳዩን ማየት አይችልም ነው። ደንብ ነውና አልከራከርም። ልጄ ኢቅራ አሊ ግን ከየካቲት 25 ቀን ጀምሮ መቃብር ውስጥ ስለሆነች መቅረብ አትችልም። ይህንን በመጀመሪያው ማመልከቻም ጽፌው ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ ስለነበረ ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ አሁን ከፊት አምጥቼዋለሁ።

ይህንን ደብዳቤ በመጀመሪያ በክፍልዎ ደጅ ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ ለሚጽፈው ሰው ሰጥቼው ነበር። አሳምሮ ጻፈው። ሳነበው አንዲት የማላውቃት ሴት ልጇ የሞተችባት መሰለኝ። ያማረ ንግግር ምን እንዳደረሰብኝ ስለማውቅ፣ ቀናት ቢፈጅብኝም ራሴ ጻፍኩት። ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ።

1. ኢቅራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ ስላለባት በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። የቆቦን ሙቀት ያውቁታል። እኛ ቤት ፍሪጅ የለም። መድኃኒቷ የሚቀመጠው መንገድ ዳር ባለው በአቶ ደሳለኝ ሱቅ ፍሪጅ፣ በለስላሳ ጠርሙሶች መካከል ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ እየሄደች ከዚያ ወስዳለች። መብራት ሲጠፋ አቶ ደሳለኝ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይጠብቃት ነበር። አንድ ቀን ሰለቸኝ ብሎ አያውቅም።

2. ከማሉዲን ኑሀ የሰፈራችን ልጅ ነው። በገጹ ላይ ስሙ «ኬሙ ቆለኛው» ነው፤ ሁለት መቶ ሺህ ሰው ይከተለዋል ይላሉ። እኔ ሳውቀው የአባቱን ፍየሎች የሚከተለው እርሱ ነበር። የካቲት አጋማሽ ላይ «ዘጠኝ ቅጠል» የሚባል ሽሮፕ ይዞ ቤታችን መጣ። ኢቅራ ሦስት ቀን ጠጣች፤ መርፌዋን ግን አላቋረጠችም። በአራተኛው ቀን ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነና «ደህና ነሽ አይደል?» አላት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች። «እንደሱ አይደለም፤ ስኳሬ ጠፍቷል፣ ድኛለሁ በይ። ደህና ነኝ በሚል ሰው ማን ይገዛል?» አላት። እየሳቀች አለችለት። ያን ቀን ጠዋት መወጋቷን ያውቅ ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብሎ አይቷታል። አንድ ሻርፕና ሁለት ጠርሙስ ሰጥቷት ሄደ። የሽሮፑ ባለቤቶች ከፍለውት እንደሚናገር በቪዲዮው ላይ አላነሣም። ያነሣው «ለወገኔ ብዬ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

3. በሬዲዮ እንደምሰማው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተዋውቁ ሰዎች እውነት የመናገር ግዴታ አለባቸው። ይህንን ግዴታ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል በቁም ነገር የያዘችው ልጄ ብቻ እንደነበረች በመዝገብ ላይ እንዲሰፍርልኝ እፈልጋለሁ። ቪዲዮው በወጣ በሁለተኛው ቀን መድኃኒቷን ልትወስድ ሱቅ ስትሄድ፣ ቆመው የሚገዙት ሴቶች «አንቺ! ድነሽ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?» አሏት። ክብሪት ገዝታ ተመለሰች። «እማ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድኛለሁ ብዬ፣ አሁን ስወጋ ብታይ ውሸታም አልባልም?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተወጋችም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ጾመች። ከዚያ በፊት ሐኪሙም ሼኹም አትጹሚ ብለዋት ነበር፤ ዘንድሮ ግን «የዳነ ሰው በምን ምክንያት ይበላል?» አለች። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ያስመልሳት ጀመር። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በማግሥቱ ከቀትር በፊት አረፈች። አላህ ይዘንላት።

4. የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። ረመዳን በገባበት ቀን አቶ ደሳለኝ ደውሎ «እትዬ ጀዊሪያ፣ ይቺን ብልቃጥ የሚነካት ጠፋ፤ ምን ላድርጋት?» ብሎኝ ነበር። «ልጄ ድናለች፤ በቦታዋ ለስላሳህን ደርድርበት» አልኩት። እየሳቅሁ ነበር ያልኩት። ቪዲዮውንም ወልድያ ላለችው እኅቴ የላክሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ልኬዋለሁ፤ የመጀመሪያው አልደረሳት እንደሆነ ብዬ። ክፍልዎ ቅጣት የሚያወጣ ከሆነ እኔን አይለፈኝ። ተራው ግን ከእኔ የሚጀምር አይመስለኝም።

5. ከማሉዲን ለቅሶ መጥቶ ነበር። አለቀሰ፤ እንባው የውነት ነበር፣ አልክድም። በሳምንቱ ቤቱ ሄጄ ቪዲዮውን እንዲያጠፋው ለመንኩት። «እማ፣ አሁን ባጠፋው ሰው የሆነ ነገር ደብቋል ይለኛል» አለኝ። ለስሙ በጣም የሚጠነቀቅ ልጅ ነው። «ደግሞም እኔ ማስታወቂያ ነው የሠራሁ፤ ሐኪም ነኝ መቼ አልኩ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ሐኪም ነኝ አላለም። ልጅቱ ሞታለች ብለው ከቪዲዮው ሥር የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ጽሑፋቸው በዚያው ቀን ይጠፋል። «አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አድራሻችሁ የት ነው?» የሚሉት ግን እስካሁን አሉ።

6. ባለቤቴ አሊ፣ አላህ ይማረውና፣ በቆቦ ከብት ገበያ ሃያ ዓመት ደላላ ነበር። የደላላ አፍ በክፍያ እንደሚናገር ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል፤ እያወቀም ይሰማዋል፤ ከሰማ በኋላ ግን የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ከአፋር ግመል ይዞ የመጣ ሰው እንኳ የሚያውቀውን ሰው ዋስ ሳያቆም አይሸጥም። አንድ ጊዜ አሊ የሚያነክስ በሬ «እግሩ ጤነኛ ነው» ብሎ አሻሻጠ። ሽማግሌዎች ጠሩት፤ በገበያው መካከል «እያወቅሁ ነው ያልኩት» አሰኙት፤ በሬውንም በፀሐይ እየነዳ እስከ ሮቢት ወስዶ ለሻጩ መለሰ። ለአንድ በሬ እግር ይህ ሁሉ ሥርዓት አለ። ለልጄ ደም ግን ዋስ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ጥርስ የሚታይበትም መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ከማሉዲንና እርሱን የመሰሉት ሁሉ ቢያንስ የደላላን ያህል እንዲታዩ እጠይቃለሁ። በዚህ ንጽጽር የተቀየሙ ደላሎች ካሉ ይቅርታ።

7. ከመጀመሪያው ማመልከቻዬ በኋላ አዲስ ነገር ተፈጥሯል። ግንቦት 2 ቀን ኡሙሃኒ የምትባል ሴት ስልኬን በሰው በሰው አግኝታ ከዋጃ ደወለች። «ልጄ ፈሪሀም እንዳንቺ ልጅ ስኳር አለባት። ያንቺን ልጅ አይታ መርፌውን ካልተውኩ እያለች አስቸገረችኝ። እኅቴ፣ እውነት ዳነች ወይ?» አለችኝ። «መጥቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። በማግሥቱ በሚኒባስ ዋጃ ወረድኩ። ፈሪሀ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ኢቅራ ሞታለች አልኳት። ስልኳን አወጣችና «እማማ፣ ይኸው ትናገራለች እኮ! ሞታ ቢሆን እስካሁን ዝም ይሏት ነበር?» አለችኝ። ጥያቄው ከእኔ ይልቅ ክፍልዎን የሚመለከት ስለመሰለኝ አስተላልፌዋለሁ። ለጊዜው እናቷ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ታስወጋታለች። ኡሙሃኒ ግን ሽንኩርት እየሸጠች ገበያ የምትውል ሴት ናት፤ ሁልጊዜ ቁጭ ልትል አትችልም።

8. ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) ቪዲዮው ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲነሣ፤

ለ) ከማሉዲን በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊቱ፣ ኢቅራ መሞቷን፣ ሲቀርጻት መርፌዋን እንዳልተወችና እርሱ ተከፍሎት እንደነበረ እንዲናገር። ማሳመር አያስፈልግም፤ ሙዚቃም አይግባበት፤

ሐ) ከእንግዲህ ስለ መድኃኒት የሚያወራ ሁሉ ተከፍሎት እንደሆነ አስቀድሞ እንዲናገር፣ ለሚለውም ነገር ባለሙያ ዋስ እንዲያቆም።

9. ተናጋሪዋ ራሷ ትቅረብ ስለተባለው፣ ፍርድ ቤት ሄጄ የወራሽነት ማስረጃ አውጥቻለሁ። መዝገብ የምትሞላው ልጅ «እማማ፣ ሟች የተወችው ንብረት ምንድን ነው? ቤት ነው? መሬት ነው?» አለችኝ። «ሁለቱም የለም» አልኳት። «ታዲያ ምኗን ሊወርሱ ነው?» «አንድ የተናገረችው ቃል አለ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ንብረት የሚለውን ቦታ ባዶውን ትታ ማኅተም አደረገችበት።

እንግዲህ እኔ ጀዊሪያ ሰይድ፣ የሟች ኢቅራ አሊ እናትና ብቸኛ ወራሽ፣ ልጄ በከማሉዲን ስልክ ፊት «ድኛለሁ» ብላ የሰጠችውን ቃል በእርሷ ቦታ ሆኜ ከዛሬ ጀምሮ አንሥቻለሁ። አልዳነችም። ክፍልዎ ይህንን ራሷ ቀርባ እንደተናገረችው ቆጥሮ ይቀበለኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጀዊሪያ ሰይድ

አባሪ፦
የሐኪም ማስረጃ፣ 1 ገጽ
የወራሽነት ማስረጃ፣ 1 ገጽ
ክፍልዎ የሰጠኝ መልስ፣ 1 ገጽ

ግልባጭ፦
ለፈሪሀ፣ ዋጃ