ጀርባቸው ሳይታይ ሊፈጩ ስለተዘጋጁ ዶሴዎች

ለቤቶች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ ግንቦት 5

ጉዳዩ፦ ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ ጀርባቸው ያልተነሣ ዶሴዎች እንዳይወገዱና ቤቴ እንዳይፈርስ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በዚሁ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ የሰባት ልጆች አያት ነኝ። ዶሴ ስካን የሚያደርጉት ወጣቶች የተቀመጡበትን ወንበር ያሞቅሁላቸው እኔ ነኝ።

2. በእኔ ጊዜ ወረቀት እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ ነበር የሚታደለው። ስለዚህ የማፍረስ ትእዛዝ በወረቀቱ ፊት ይጻፋል፤ ባለቤቱ ይግባኝ ብሎ ከረታ፣ መሻሩ በዚያው ወረቀት ጀርባ ተጽፎ ማኅተም ይመታበታል። ልማዱን ያስጀመርኩት እኔው ነኝ። ስለ ቁጠባዬም የምስጋና ደብዳቤ ተሰጥቶኛል፤ እርሱም የተጻፈው በአሮጌ ወረቀት ጀርባ ነው።

3. የስካን ማሽኑ ግን የሚያነሣው ፊቱን ብቻ ሆነ። በዚህም የሞቱ ትእዛዞች ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነፍስ ዘሩ። ከአጥር ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ከሃያ ዓመት በፊት የተሻረ ትእዛዝ ባለፈው ማክሰኞ ደረሳት። ዓርብ ቤቷ ፈረሰ። የስፌት መኪናዋን በአካፋ ቆፍረን አወጣንላት።

4. ቅዳሜ የእኔ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም “ሐሙስ” ተብሎ ተጻፈ። የጻፈው ልጅ እጁ ያምራል፤ በእኔ ጊዜ ቢሆን እቀጥረው ነበር። የቤቴ ትእዛዝም የተሻረ ነው፤ የያኔው ኃላፊ ጀርባው ላይ ፈርመውበታል። ከወገቧ በታች የማትንቀሳቀሰው ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና፣ “ምንድን ነው የጻፉት?” አለችኝ። የቀለም ሱቅ ማስታወቂያ ነው አልኳት። በሃምሳ ዓመት ትዳራችን አንድም ውሸቴ አልፏት አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ያመነች መስላ ፊቷን አዞረች።

5. ዛሬ ጠዋት መስኮት ሦስት ላይ ያለችውን ልጅ ብጠይቃት፣ “አባባ፣ ሲስተሙ ላይ ጀርባ የሚባል ነገር የለም” አለችኝ። “ልጄ፣ ጀርባ የሌለው ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?” ብላት ሳቀች። ዋናውን ወረቀት አውጪልኝ ስላት ግን ሳቋ ቆመ። የሰፈራችን ዶሴዎች በጆንያ ታስረው ምድር ቤት መሆናቸውን፣ ረቡዕም ወደ ወረቀት መፍጫው እንደሚጫኑ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ወርጄ ቆጠርኳቸው፤ አርባ ሁለት ጆንያ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት ሰው ተኝቶ እንደሚያድር እርስዎ ይገምቱ።

6. እርስዎ የተቀመጡበት ሕንፃም ዶሴ አለው። ፊቱንም ጀርባውንም የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አስታውሰዋለሁ፤ ፊቱ “ይፍረስ” ነው የሚለው። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። ጥቂት ለማስፈራራት ነው።

ስለዚህ የረቡዑ ጭነት እንዲታገድልኝ፣ እኔም ጆንያዎቹን እየፈታሁ ያለ ክፍያ ወረቀቱን ወደ ጀርባው እንድገለብጥ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። የእኔ እስኪገኝ ብቻ ሳይሆን፣ እስከ መጨረሻው እገለብጣለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ፣ የባለቤቴ አልጋ በበሩ ስለማይወጣ፣ በፈረሰው በኩል እንዳወጣት አፍራሾቹ በየትኛው ግድግዳ እንደሚጀምሩ አስቀድሞ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሹም፣ በቅጽል ስሙ አባ ዶሴ
አድራሻ፦ የቤት ቁጥር 614፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት