አንደኛ ምርጫዋን የለወጥኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ አምባው፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ብርድ ዘንድሮ እንዴት አደረገዎት? እማዬስ ዐይኗ ተሻላት? ጤፉ ታጨደ? ቦራ ከወለደች ወዲህ ወተት መስጠት ጀመረች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ። የጅቡቲ ሙቀትም በረድ ብሎልናል፤ አሁን ከቀትር በኋላ እንኳ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይቻላል።

አባባ፣ ደብዳቤ የምታነብልዎት እህቴ ትርሲት መሆኗን አውቃለሁ፤ ይህንንም ይዛ አጠገብዎ ተቀምጣለች። ትርሲትዬ፣ ክፉ ወሬ ሲሆን እየዘለልሽ እንደምታነቢ ከድሮም አውቅሻለሁ። ዛሬ ግን እለምንሻለሁ፣ ከዚህ በታች ያለውን አንድ መስመር ሳታስቀሪ ለአባባ አንብቢላቸው።

ዩኒቨርሲቲው ትርሲትን ያልተቀበላት ውጤቷ አንሶ አይደለም። በእኔ ምክንያት ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ያ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ፈተና ነው የሚቀበለው። ያለፈው ተማሪ ሁሉ ሦስት የትምህርት ዘርፍ በቅደም ተከተል መርጦ በኢንተርኔት ይሞላል። በዚያ ሳምንት አረርቲ ኢንተርኔት ጠፍቶ ስለነበር ትርሲት ደወለችልኝና፣ አንደኛ የእንስሳት ሕክምና ብለህ ሙላልኝ አለችኝ፤ የይለፍ ቃሏንም ነገረችኝ። ወረቀት መሙላት እንጀራዬ ነው፤ በነፃ ቀጠናው መጋዘን ቀኑን ሙሉ የማደርገው እሱን ነው። አምናኝ ነበር።

እኔ ግን አንደኛ የሰው ሕክምና፣ ሁለተኛ ፋርማሲ ብዬ የእሷን ሦስተኛ አወረድኩት። ለምን ቢሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ አፍሬ ነው። ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ የሚያርፉት የሀገራችን ሾፌሮች እህትህ ምን ልትማር ነው ሲሉኝ፣ አፌን ሞልቼ ዶክተር ልትሆን ነው ብያቸው ነበር። ከሾፌሮቹ አንዱ ጌቾማ «የዶክተሯ ወንድም» እያለ ሻይ ይጋብዘኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ የከብት ሐኪም ናት ማለት ሞት መሰለኝ። በከብት ጉልበት አድጌ፣ ከብት ናቅሁ።

ደግሞም የሚጎዳት አልመሰለኝም። እኛ ጋ አንድ ኮንቴይነር በመጀመሪያው መኪና ካልተጫነ ተራውን እንደያዘ ለሚቀጥለው ያድራል፤ ቦታውን የሚቀማው የለም። የሰው ሕክምናው ባይሳካ የእንስሳቱ ይጠብቃታል አልኩ። አልጠበቃትም። የሰው ሕክምና ወንበሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ አልደረሳትም። ፋርማሲውም እንዲሁ። ሦስተኛ ምርጫዋ ዘንድ ሲደርሱ፣ የእንስሳት ሕክምናው አንደኛ ብለው በመረጡት ልጆች ሞልቶ አልቆ ነበር።

ይህን የተረዳሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ደውዬ በደል ተፈጸመብን ብዬ ስጨቃጨቅ፣ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ትርሲት ያመጣችው ውጤት ለእንስሳት ሕክምና ከበቂ በላይ ነበር፤ አንደኛ ብላ ብትመርጠው ኖሮ ትገባ ነበር አለችኝ። እንዲህ ያስመረጣት ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩና ዘጋሁት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ትርሲት በጥቅምት መባቻ የጻፈችልኝ ወረቀት ነው። ወንድሜ አሳፈርኩህ፣ ጭንቅላቴ አይችልም መሰለኝ፣ ይቅር በለኝ ይላል። እኔም ዐይኔን በጨው ታጥቤ፣ አይዞሽ፣ እግዜር ያልፈቀደው ነው ብዬ መለስኩላት። ምርጫዋን መለወጤን እንኳ አልነገርኳትም። በደለኛው እኔ፣ ይቅርታ ለማኟ እሷ። በእግዜርም አሳበብኩ።

መጻሕፍቷን ለአክስቴ ለስርጉት ልጆች ልታከፋፍል ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አባባ፣ እባክዎን አታከፋፍል። ፈተናው በየካቲት እንደገና ይሰጣል ብላኛለች ሴትዮዋ። ትቀመጥ፤ ፎርሙንም በገዛ እጇ ትሙላው። የይለፍ ቃሉን ትለውጠው፤ አዲሱን ለእኔ እንዳትነግረኝ።

ትናንት ለጌቾ ሁሉንም ነገርኩት። ይሳለቅብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሻዩን አስቀምጦ፣ አምና እናቱ ቤት አራት በጎች በሦስት ቀን ውስጥ ሲያልቁ የሚያይ ሐኪም እንዳልተገኘ ነገረኝ። ቀጥሎም፣ ታዲያ ምን የሚያሳፍር ነገር አገኘህ አለኝ። ለዚህ ሰው አፍ ብዬ ነው እህቴን ያሰናከልኳት። ይህን ደብዳቤ የሚያደርሰውም እሱ ነው፤ ሞጆ ላይ ለአረርቲ መኪና ይሰጥልኛል።

የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ፤ ለዐይኗ የሚሆን ጠብታ ከደብዳቤው ጋር አለ። ታናሽ ወንድሜ በእምነት ከትምህርት ቤት እንዳይቀር ይቆጡልኝ። አክስቴን ስርጉትን ከነልጆቿ ሰላም በሉልኝ።

ለትርሲት ግን ሰላምታ ለመጻፍ እጄ ፈራ። መልሱን የምትጽፍልዎትም እሷ ናት። ስለዚህ አባባ፣ ለዛሬ እርስዎ ምንም አያስጽፉ፤ እሷ የምትለኝን ትጻፍ። ስድብም ቢሆን እያንዳንዱን መስመር አነባለሁ፤ እኔም አልዘልም።

ያሳፈርኳችሁ ልጅዎ
ጀንበሬ አምባው

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.